ነፍሰ ጡር የሆነች ልጅና ሶሻል ወርከር፦ ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ከዚራ የተነገረ ነገር ሳቢያን ለመድረስ ምሳ ሰዓት አይጠብቅም። ስለዚህ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የወር አበባዋ ሲቀር መጀመሪያ የምትፈራው ሰፈሯን ነው፤ ስለ ጤናዋ የምታስበው ከዚያ በኋላ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከልጆቹ ከራሳቸው፣ ከእናቶች፣ ከአክስቶች፣ አንዳንዴም ግራ ከገባው ወንድም የሚመጡ ናቸው። ለልጅቷ አንቺ፣ ለወላጅ እርስዎ እያልን መልሰናል።

ሶሻል ወርከር ምንድን ነው ሥራዋ? ሐኪም ናት?

ሐኪም አይደለችም። ፖሊስም አይደለችም። መርፌ አትወጋም፣ መድኃኒት አታዝም፣ አትፈርድም። በሆስፒታል፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ላይ በሚሠሩ የመንግሥት ቢሮዎችና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ውስጥ ትገኛለች።

አንዲት ልጅ ማርገዟ ሲታወቅ ዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ይቸኩላል። አባት «ከቤቴ ትውጣልኝ» ይላል። አጎት ሽማግሌ ይሰበስባል። ጓደኛ «ኪኒን የምትሸጥ ሴትዮ አውቃለሁ» ትላለች። ደላላው ደግሞ ስለ ጅቡቲ ያወራል። በዚህ ሁሉ መሀል «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቀ የለም። የሶሻል ወርከሯ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷን ትጠይቃለች፣ ያሏትን መንገዶች በግልጽ ታስረዳታለች፣ እስክትወስን ድረስ የሌሎቹን ችኮላ ከላይዋ ላይ ታነሳለች። ስትወስን ደግሞ ወደሚቀጥለው በር አብራት ትሄዳለች።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል? ብዙ ነገር ትጠይቀኛለች?

መጀመሪያ ውሃ ይሰጥሻል። በዚህ ሙቀት ከአሸዋ ገበያ በእግርሽ መጥተሽ ከሆነ ያስፈልግሻል። ቀጥሎ በሩ ይዘጋል። ጎበዝ ሶሻል ወርከር መዝገቧን ቶሎ አትከፍትም፤ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ፊት ልጆች ይዘጋሉ። «ማነው ያስረገዘሽ?» ብላም አትጀምርም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ የት ነው የምታድሪው?» የሚል ነው። ከቤት ተባርረሽ ከሆነ ሌላው ወሬ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥሎ ደኅንነትሽን ትጠይቅሻለች። የሚመታሽ፣ የሚያስፈራራሽ ሰው አለ? ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? ይህ ጥያቄ ከተጠየቅሽ አትደንግጪ። ለሁሉም ይጠየቃል፤ ዝም ብሎ ማለፉ ነው አደጋው።

ማልቀስ ይቻላል። ዝም ማለትም ይቻላል። ግማሹን ዛሬ ነግረሽ ግማሹን ሌላ ቀን ማምጣት ይቻላል። ሰው እንዳያይሽ ከፈለግሽ ቀጠሮሽን ከምሳ በኋላ አድርጊው። ከተማው በሙቀትና በበርጫ ረግቦ መንገዱ ጭር ሲል መግባትና መውጣት ይቀላል።

ለቤተሰቤ ትነግራለች?

አንቺ ሳትስማሚ አትነግርም። ግን «ምንም ቢሆን ለማንም አልናገርም» ብላ የምትምል ካጋጠመችሽ ተጠንቀቂ። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም አንድ አዋቂ ሰው እያጠቃሽ ከሆነ፣ ለሌላ አካል መንገር ሊኖርባት ይችላል። ደንበኛ ባለሙያ ይህን ገና ከመጀመሪያው ትነግርሻለች። ለማን፣ ምን ያህል እንደምትናገርም ቀድማ ታሳውቅሻለች።

ቤተሰብ ይወቅ ካልሽ ደግሞ ንግግሩን አብራችሁ ትዘጋጃላችሁ። ማን ይቅደም? እናት ወይስ አክስት? በእኔ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከአባት በፊት አንዲት የምትሰማ ሴት ዘመድ ማግኘት ነገሩን ግማሽ መንገድ ያቀለዋል። ድሬ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አክስት የሌላት ልጅ ጥቂት ናት።

እርግጠኛ አይደለሁም። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ተመርመሪ። የሽንት ምርመራ በጤና ጣቢያ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። አዎ ካለ ስንት ሳምንት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከመጨረሻው የወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀን ይቆጠራል፤ ቀኑን ካላስታወስሽ አልትራሳውንድ አለ። ይህ ቁጥር ቀጣዩን ሁሉ ይወስናል። ሶሻል ወርከሯ በሌላው ነገር ሁሉ «ቀስ በይ» ስትልሽ በዚህኛው ግን የምታጣድፍሽ ለዚያ ነው።

ያሉኝ ምርጫዎች ምንድን ናቸው?

ወልዶ ማሳደግ አለ። ወልዶ ልጁን ሌላ ሰው እንዲያሳድገው ማድረግ አለ፤ ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻም ሊሆን ይችላል። ሕጉ በሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች ደግሞ ፅንሱን በጤና ተቋም ማቋረጥ አለ።

ሶሻል ወርከሯ «እኔ ብሆን» ብላ አትመርጥልሽም። የምታደርገው እያንዳንዱን መንገድ እስከ መጨረሻው ማስኬድ ነው። ትወልጃለሽ እንበል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የት ትኖሪያለሽ? ትምህርት ስትሄጂ ማን ይይዘዋል? እናትሽ ታሳድገዋለች ከተባለ ልጁ «እማዬ» የሚለው ማንን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። አያቱን እማዬ፣ ወላጅ እናቱን በስሟ እየጠራ ያደገ ልጅ በየሰፈሩ አለ። አንዳንዱ ቤት ይህን ተስማምቶበት በሰላም ይኖራል። ሳይነጋገሩበት የገቡበት ቤት ነው ኋላ የሚናወጠው።

ሕጉ ስለ ፅንስ ማቋረጥ ምን ይላል? ወንጀል አይደለም እንዴ?

በመርህ ደረጃ ወንጀል ነው፤ ነገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ፣ የእናትየው ወይም የፅንሱ ሕይወት ወይም የእናትየው ጤና አደጋ ላይ ከሆነ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ በአካልም በሥነ ልቦናም ዝግጁ ካልሆነች አያስቀጣም።

ስለዚህ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነች ልጅ ጉዳይ በቀጥታ እዚህ ውስጥ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የማያውቁት ልጆቹ ብቻ አይደሉም፤ «መጀመሪያ ከፖሊስ ወረቀት አምጪ» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። በመደፈር ለመጣ እርግዝና ግን ሕጉ በአንቀጽ 552 የሴቲቱ ቃል በቂ ነው ይላል። የጤና ሚኒስቴር መመሪያም የዕድሜ ማስረጃ አይጠይቅም፤ የተናገረችውን ዕድሜ ይቀበላል። አገልግሎቱ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጥም ይላል። ሶሻል ወርከሯ አብራሽ የምትሄድበት አንዱ ምክንያት ይህን በጨዋ ቋንቋ ለማስታወስ ነው። አንድ ባለሙያ በእምነቱ ምክንያት አልሠራም ካለ ክርክር ውስጥ አትገባም፤ ወደ ሌላ ባለሙያ ወይም ተቋም ትወስድሻለች።

እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሂደቱ ቀለል ያለ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የሆስፒታል ጉዳይ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ከመንግሥት ጤና ተቋማት ሌላ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርና የሜሪ ስቶፕስ ክሊኒኮች በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ ይሠራሉ። ትልልቅ ጉዳዮች ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይላካሉ።

አንዲት ሴትዮ ኪኒን ትሸጣለች ተባልኩ። ከእሷ ብገዛስ?

ተይው አቦ። ኪኒኑ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንዳለፈበት፣ ለስንት ሳምንት እንደሚሆን የሚነግርሽ የለም። እርግዝናው ከማሕፀን ውጭ ከሆነ ደግሞ ኪኒኑ አያቋርጠውም፤ ሆድ ውስጥ ሲፈነዳ ሕይወት ያሳጣል። በሥር፣ በሽቦ፣ በበረኪና የሚሞከረውን ማንሳት እንኳ ይከብዳል፤ ግን አሁንም ይሞከራል።

ወስደሽ ከሆነ ግን አትደበቂ። ደም በብዛት ከፈሰሰሽ፣ ማለትም በሰዓት ሁለት ሞዴስ እያራሰ ከቀጠለ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ፣ ሆድሽን አጥብቆ ከቆረጠሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ። የወሰድሽውን ለሐኪሙ በእውነት ንገሪው። ፅንሱ በምንም ምክንያት ቢቋረጥ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ሕክምና ለሁሉም ይሰጣል።

ተደፍሬ ነው። አልተናገርኩም።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ጉዳዩ በቅርብ ቀን የሆነ ከሆነ ሰዓት ዋጋ አለው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እርግዝና የሚከላከለው ድንገተኛ ኪኒን እስከ አምስት ቀን ይሠራል፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። የለበስሽውን ልብስ አትጠቢው፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልለሽ አምጪው፤ ማስረጃው ፌስታል ውስጥ ይበላሻል። ጊዜው ካለፈም ነይ። ሕክምናም፣ ምክርም፣ ክስም አሁንም ይቻላል።

መክሰስ ወይም አለመክሰስ ሌላ ውሳኔ ነው። ሶሻል ወርከሯ የፖሊስን የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ ዐቃቤ ሕግንና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ታገናኝሻለች። ቃልሽን በየቢሮው አሥር ጊዜ እንዳትደጋግሚ ትጥራለች። ይህ ሁልጊዜ ይሳካል ብዬ አልዋሽም።

ልጁን አግኝተነዋል፤ ቤተሰቡም ጨዋ ነው። ለምን አናጋባቸውም?

ይህ የእናቶችና የአጎቶች ጥያቄ ነው፤ በቅን ልብ ነው የሚጠይቁት። ሐሳብዎ ይገባናል፤ ልጅዎ አንገቷን ደፍታ እንዳትኖር ነው። ግን ድሬዳዋ የምትተዳደርበት የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን አሥራ ስምንት አድርጓል። ከባድ ምክንያት ሲኖር የፍትሕ ሚኒስትሩ እስከ ሁለት ዓመት ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን ሽማግሌ ሊያደርገው አይችልም። ያለ ዕድሜ ጋብቻ የፈጸመ ሰው ልጅቷ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት ይታሰራል። ከዚህም ሌላ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ካለች ልጅ ጋር መተኛት ራሱ ከሦስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያስቀጣል። ሽምግልናው ይህን ክስ አያጠፋውም።

ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የተዘጋጀ ሠርግ የሚያድነው የቤተሰቡን ስም ነው። ልጅቷ ከማታውቀው ቤት ገብታ፣ ትምህርቷን ትታ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የአማት ልብስ ታጥባለች። ሽማግሌዎቹን ለሌላ ነገር ይጠቀሙባቸው። የልጁ ቤተሰብ ለሕክምናና ለሕፃኑ ወጪ እንዲያዋጣ ሲያደርጉ በጣም ጎበዝ ናቸው።

ልወልድ ወስኛለሁ። ምን እገዛ አገኛለሁ?

የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው። የመጀመሪያውን ክትትል ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በፊት ጀምሪ፤ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ ያህል ትታያለሽ። የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ይታያል። የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ይሰጥሻል፤ ሆድ ያደርቃል ብለሽ አልጋ ሥር አትጣይው። በልጅነት ማርገዝ ለደም ግፊት፣ ለደም ማነስና ለተራዘመ ምጥ ያጋልጣል። ስለዚህ ቤት መውለድ አይታሰብም። ምጥ ረዝሞ ፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ ሳይቆጣጠሩት እንዲፈስ የሚያደርግ ቀዳዳ፣ የደረሰባት ልጅ ካለች ደግሞ ይታከማል፤ የሐምሊን የፊስቱላ ማዕከል እዚሁ ሐረር አለ።

ድሬ ነሽና አጎበር አትርሺ። ወባ የገጠር ነው የሚለው ወሬ እዚህ አይሠራም፤ በ2014 ዩኒቨርሲቲው ግቢ ድረስ ገብቶ ነበር።

ሶሻል ወርከሯ ከዚህ በላይ ምን ታደርጋለች? መጠለያ ካስፈለገሽ ትፈልጋለች። ለሕፃኑ ልብስ ታሰባስባለች። ቤተሰብሽ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ መሆን ይችል እንደሆነ ቀበሌ ሄዳ ትጠይቃለች። ትምህርት ቤትሽ ደግሞ የራሱ ውጊያ ነው። ዝም ብለሽ ከቀረሽ «አቋርጣለች» ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ በወረቀት ዊዝድሮው መሙላት ስትመለሺ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ሆድሽ ገፍቶ ክፍል መግባት ካሳፈረሽ የማታ ትምህርት አለ፤ መሸኛ ይዘሽ ሌላ ትምህርት ቤት መቀየርም ይቻላል። ሚኒስትሪ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ከሆንሽ ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት፤ የፈተና ቀንና የመውለጃ ቀን ሲገጣጠሙ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ማሳደግ ባልችልስ? ለፈረንጅ ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ።

ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት ከ2010 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። እንዲህ እያለ የሚያግባባሽ ሰው ካለ ደላላ ነውና ስሙን ለሶሻል ወርከሯ ንገሪ። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ግን አለ። አሳዳጊው ቢያንስ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው መድረሱ ይበቃል። ውሉን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ደግሞ አለ፦ በእኛ ሕግ ጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም።

ይህን ውሳኔ ምጥ ላይ ሆነሽ ወይም በወለድሽ ማግስት አታድርጊው። ደህና ሶሻል ወርከር ራሷ ቆይ ትልሻለች። ሕፃን መጣል ደግሞ ወንጀልም አደጋም ነው፤ እዚያ ሐሳብ ላይ ከደረስሽ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ።

አባትየው ካደ። ስልኩንም ዘጋ።

አባትነት ራሱ አምኖ በመቀበሉ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ከዚያ ቀለብ ይጠየቃል። በጽሑፍ ያመነው ነገር ማስረጃ ነውና የቴሌግራም መልእክቶቹን በንዴት አታጥፊያቸው። ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቢ። የአባት ጉዳይ እስኪያልቅ ብለሽ አታቆይው፤ በኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነው።

ሃይማኖቴን ትነካለች?

አትነካም። ሼህ ወይም ቄስ ማማከር ከፈለግሽ መብትሽ ነው። እሷ ግን የራሷን እምነት አምጥታ አትጭንብሽም፤ ከጫነችብሽ ሌላ ሶሻል ወርከር ጠይቂ።

የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ቤተሰቤ ገጠር ነው።

ከምንሰማው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከሐረርጌ ገጠር መጥታ የሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ማርገዟ ሲታወቅ በአንድ ቀን ሥራዋንም ማደሪያዋንም ታጣለች። አንዳንዴ ደግሞ ያስረገዛት እዚያው ቤት ያለ ሰው ነው። ከመባረርሽ በፊት መምጣት ከቻልሽ ብዙ ነገር ይቻላል፦ ያልተከፈለሽ ደመወዝ ይጠየቃል፣ ልብስሽና መታወቂያሽ ይወጣል፣ ማደሪያ ይፈለጋል። በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ማውራት ከቀለለሽ ተናገሪ፤ ድሬ ላይ ሦስቱንም የሚያወራ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። አስተርጓሚ ሆና አሠሪሽ አትግባ።

ሐሳቤን ብቀይርስ?

ቀይሪ። አቋርጣለሁ ብለሽ መጥተሽ ክፍሉ በር ላይ ሐሳብሽን ብትለውጪ ማንም አይቆጣሽም። በተቃራኒውም እንዲሁ፤ ሳምንቱን ብቻ አትርሺ። ከወሰንሽ በኋላም ክትትሉ አይቆምም። ሶሻል ወርከሯ ትደውላለች፤ ስልክሽን ሌላ ሰው የሚያነሳው ከሆነ ምን ብላ እንደምትደውል አብራችሁ ትስማማላችሁ። «የልብስ ስፌት ሥልጠናው ተጀምሯል» ብሎ መደወል የተለመደ ነው። ወደፊት ሳትፈልጊ እንዳታረግዢ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎትም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ መርፌ፣ በክንድ የሚቀበር ወይም በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ።

ምን ይዤ ልምጣ?

የተመረመርሽበት ወረቀት ካለ አምጪው። መታወቂያ ከሌለሽ ችግር የለም፤ በአሥራ ስድስት ዓመት የቀበሌ መታወቂያ ያላት ልጅ ብዙም የለችም። ጓደኛ ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ግን ጓደኛሽ ውጭ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትግባ ካልሽ ትገባለች።